ስምዎ በታደሰ ጊዜ

ለተከበሩት ታላቅ እኅቴ ለእትዬ አልጋነሽ፣ ቀጥሎም ለጋሽ አምባው፣ ከዚያም ለልጃችን ለፀደንያ፣ የአክብሮት ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረስ። የእግርዎ ሕመም በድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ከረመ? የጋሽ አምባው ዓይንስ ከሕክምናው በኋላ ተሻለላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ዝናቡ ግን ኅዳር ገብቶም አልለቀቀንም።

አባታችን ስላወረሱዎት የዋጫው መሬት የጠየቁኝን ሳላጣራ ላለመጻፍ ብዬ ዘገየሁ። አሁን ዐወቅሁ፤ ምነው ባላወቅሁ። ጡረታ ሲወጡ ቤት ሊሠሩበት ያሰቡት መሬት በስምዎ የለም።

መሥሪያ ቤታችን የመሬት ባለይዞታዎችን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ካዛወረ ወዲህ፣ በመዝገቡ ለሌለ ሰው አዲስ መስመር ይጨመርለታል፤ ያለ እንደሆነ ነባሩ መስመር ይታደሳል። የአገራችን ሰው ደግሞ እንደሚያውቁት ቢሮ የሚያስመጣውን ጉዳይ ሁሉ «ማሳደስ» ይለዋል። አንዲት ባልቴት ደካ ከሚባለው ቀበሌ መጥተው «ላሳድስ ነው የመጣሁት፣ ልጄ» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መመዝገባቸው ነበር። ስማቸው እንደ እርስዎው አልጋነሽ ተሰማ ገብረ ሥላሴ ነው። መዝጋቢያችን ፍሬ ሦስቱንም ስም በመዝገቡ አገኘችና አደሰች። ቤት ሲታደስ ምሰሶው ይቀራል፤ እዚህ ግን ከቀድሞው የሚተርፍ የለም። በእርስዎ መስመር ላይ የመሬቱ ስፍራ ዋጫ መሆኑ ጠፍቶ በቦታው ደካ ገባ። መጠባበቂያ ቅጂውም በየሳምንቱ በራሱ ላይ ስለሚገለበጥ አላዳነንም፤ የወረቀቱን መዝገብ እርጥበት ቀድሞ በልቶታል። መሬቱም ባለቤት የሌለው መስሎ በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች ተሰጠ። ቡና ተክለውበታል።

ጉዳዩ እኔ ለምመራው ኮሚቴ ሲቀርብ፣ ባልደረባዬ አቶ ውባየሁ፣ «ጋሽ ኢያሱ፣ እትዬን በላዩ ላይ መልሰን እናድሳቸው። የደካዋ እማማ እንደሆኑ እንደገና ለማሳደስ መምጣታቸው አይቀርም» ብሎ ሁሉን አሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ልቤም ፈለገው። ነገር ግን አዲስ መስመር የሚያገኝ ሰው መብቱ የሚቆጠረው ከተመዘገበበት ዕለት ነው። እርስዎን ብመልስ ባልቴቷ ኋላ ይቀራሉ፤ የሚኖሩበት መሬትም እንደ እርስዎው ለሌላ ሊሄድ ይችላል። አስጠርቻቸው ነበር። «እኔ የሰው ስም አልወሰድሁም፤ አባቴ ያወጣልኝ ነው» አሉኝ።

ስለዚህ እርስዎ በአዲስ መስመር እንዲገቡ ፈረምሁ። ተራዎ ከወጣቶቹ ኋላ ነው። ይግባኝ አቀርባለሁ፤ ተስፋ አለው ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ፍሬ መስመሩን ስትሞላ «ከየት የመጡ ናቸው?» አለችኝ። ዋጫ እንዳልል ማስረጃ ይጠይቃል። «ድሬዳዋ በይ» አልኋት።

ባለቤቴ አብርሆት እጅ ነስታለች፤ ልጃችን ሚሊዮንም ጉልበትዎን ስሟል። ጋሽ አምባውን አደራ፣ በዚህ ነገር እንዳይናደዱ ቀስ ብለው ይንገሯቸው። ለፀደንያ በፈተናዋ መልካም ውጤት እመኛለሁ። እስከዚህ ታግሠው ስላነበቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ለአዲስ ተመዝጋቢ ሁሉ ከወንበሬ ተነሥቼ የምለውን ቃል ለእርስዎ መጻፍ ከብዶኛል፤ ሆኖም ሌላ ቃል የለኝምና፣ እንኳን ደኅና መጡ፤ ያሰቡት ሁሉ ይሳካልዎ።

ታናሽ ወንድምዎ
ኢያሱ ተሰማ
ቦንጋ፣ ኅዳር 12 ቀን 2003 ዓ.ም.