ስለ ስድስቱ ጃምቦዎች

ይድረስ ለተከበረው የቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ ስላሳረፋችሁኝ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ከሁሉ አስቀድሜ በጌታ ፍቅር የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የሰብሳቢያችን የወንድም ገብረየስ የደም ግፊት፣ የወንድም ቢራቱ ጉልበት፣ የሌሎቻችሁም ወገብ እንደምን እንደ ሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ፣ ለአሥራ አራት ዓመት ካስተማርኩበት የሕፃናት ክፍል «ለጊዜው እንድታርፊ» ብላችሁ ከወሰናችሁ ወዲህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም አርፌያለሁ። እሑድ ጠዋት ሳይቀር አርፋለሁ።

ውሳኔያችሁ የደረሰኝ ፊርማ በሚጠየቅበት ሰርቲፋይድ ፖስታ ነው። በየሳምንቱ በአንድ በር ለምንገባ ሰዎች ይህን ያህል መጨነቃችሁ ልቤን ነክቶታል። ከደብዳቤው ጋር ያያዛችሁትን ፎቶግራፍም ተቀብያለሁ። ፎቶው እኔን ፅጌን፣ ባለፈው ኦክቶበር ለአማርኛ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በሄድንባት በሙኒክ ከተማ፣ በዝነኛው የቢራ አዳራሽ መካከል፣ ስድስት ባዶ ጃምቦ በሁለት እጄ ይዤ፣ ጥርሴ ሁሉ ታይቶ ያሳያል። አልክድም፤ እጁም የእኔ ነው፣ ጥርሱም የእኔ ነው። የመዘምራን ኃላፊያችን ወንድም ሲላስ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ የለጠፈው ለመታሰቢያ ሲሆን፣ ከስፕሪንግፊልድ እስከ በልትስቪል ያለ ወገን ሁሉ በሁለት ሰዓት ውስጥ አስቦናል።

ለውሳኔው ከፍ ያለ አክብሮት እያለኝ፣ ያልገቡኝን ነጥቦች በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፤ በአዳራሹ መገኘቴ እንደ ጥፋት ተቆጥሮብኛል። በዚያ የምሳ ሰዓት የተገኘነው አሥራ አንድ ነበርን፤ ስድስታችሁ የሽማግሌዎች ጉባኤ አባላት፣ አራት እህቶችና ሲላስ። ወንድም ገብረየስ «የታሪክ ቦታ ነው፤ ታሪክ መጎብኘት ኃጢአት አይደለም» ብለው ከፊት ሆነው ሲመሩን፣ እኔ ከኋላ ተከትያለሁ። ሽማግሌ መከተል ያስተማራችሁኝ እናንተው ስለ ሆናችሁ፣ በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ አልከራከርም።

ሁለተኛ፤ «የአስካሪ መጠጥ ዕቃ በአደባባይ መሸከም» ይላል። እኔ አሌክሳንድሪያ ባለ አንድ ሆቴል፣ በግብዣ አዳራሽ አስተናጋጅነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ሠርግ ሁሉ ጠረጴዛ የማነሳውም እኔው ነኝ፤ እስከ ዛሬ በእጄ ላይ ቅሬታ ቀርቦ አያውቅም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴትዮ አሥር ጃምቦ አቅፋ ስትሮጥ አየሁ። ሰው ሲለፋ ተቀምጬ ማየት አልሆነልኝም፤ ተነሣሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ መጠጡ። ወንድም ገብረየስ በወጣትነታቸው ምሥራቅ ጀርመን ሁለት ዓመት ስለ ተማሩ፣ ያዘዙልን እርሳቸው ናቸው። አስተናጋጇ በጀርመንኛ የጠየቀቻቸውን ባይመልሱላትም በጣታቸው በሚገባ አሳይተዋታል። ለእኛ ለእህቶችና ለሲላስ ውሃ፣ ለስድስታችሁ ደግሞ በሠርጋችን ላይ እንደምናቀርበው ያለ ጥቁር ማልት። አልኮል እንደሌለው አረጋግጠውልናል፤ ማስረጃቸው መጥቆሩ ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንጉ ማልት ይልቅ ስለ ጣፈጣችሁ አስደግማችኋል። ከዚያ በኋላ ወንድም ገብረየስ ቆመው ለጀርመን ሕዝብ ረዘም ያለ ጸሎት አደረጉ። በአገልግሎት ዘመናቸው ሲስቁ ታይተው የማያውቁት ወንድም ቢራቱ፣ የአዳራሹ የሙዚቃ ባንድ ጥሩምባውን ሲነፋ ክራቫታቸውን አላልተው፣ ከጎናቸው የተቀመጠውን የማያውቁትን ጀርመናዊ አቅፈው «ወንድሜ» እያሉ አለቀሱ። እኛ እህቶች ውሃችንን እየተጎነጨን እጅግ ተባርከናል።

አራተኛ ልል የነበረው፣ «ይህንንም በደስታ መፈጸሟ» በሚል ፈገግታዬ እንደ ጥፋት ማክበጃ መያዙ ነው። በምርመራው ጊዜ ጃምቦዎቹን ለምን እንደ ያዝኩ ሦስት ጊዜ ጠይቃችሁኛል፤ ሦስት ጊዜ «ሴትዮዋን ላግዝ ብዬ ነው» ብዬ መልሻለሁ። ከማን ፊት እንዳነሣኋቸው ግን ማንም አልጠየቀኝም። ያልተጠየቀ አይመልስም።

ከዚህ በኋላ መቁጠሩን ልተወው። ክፍሌ ውስጥ ሃያ ሦስት ልጆች አሉ። ቤታቸው በአማርኛ ሲጠሯቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱ ልጆች፣ ለገና ፕሮግራም ሃያ ሦስተኛውን የዳዊት መዝሙር በአማርኛ በቃላቸው ሊያቀርቡ ግማሹን ይዘው ነበር። አሁን ካርቱን እንደሚከፈትላቸው ሰምቻለሁ። የስድስት ዓመቷ ሮሆቦት በየእሑዱ በሩ ላይ ቆማ «አንቲ ፅጌ ተቀይማን ነው?» እያለች እናቷን ትጠይቃለች አሉ። ሌላውን ሁሉ ስቄ አልፌዋለሁ፤ ይህ ግን ያስለቅሰኛል። በሚመጣው ቅዳሜ ስትሰበሰቡ ወደ ልጆቼ እንድትመልሱኝ እለምናችኋለሁ። የቀረው ግማሽ መዝሙር ሦስት እሑድ ይበቃዋል።

ለሰብሳቢያችን የተስተካከለ የደም ግፊት፣ ለወንድም ቢራቱ እንደዚያ ቀን ያለ ነጻ ሳቅ፣ ለሁላችሁም ጥርት ያለ የማስታወስ ችሎታ እየተመኘሁ፣

በትእዛዛችሁ በዕረፍት ላይ የምገኘው ታዛዥ እህታችሁ
ፅጌ ሙሉዓለም

ግልባጭ፦
ፎቶውን ላዩ ወገኖች ሁሉ፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ሴትዮዋን ላግዝ ብዬ ነው» ያልኩት እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ግብዣ ያስተናገደ ሰው፣ ማልትንና ጥቁር ቢራን ባዶ ጃምቦ ላይ በሚቀረው አረፋ ይለያል። እኔም የለየሁት ሁለተኛው ዙር ካለቀ በኋላ ነው። ወዲያው ሲላስ ካሜራውን ወደ እናንተ ሲያዞር አየሁ፤ ስድስቱም ጃምቦዎች በስድስታችሁ ፊት ነበሩ። ሮጬ አነሣኋቸው። ፎቶውን እንደገና ብታዩት፣ ከኋላዬ ምንም በሌለበት ንጹሕ ጠረጴዛ ዙሪያ በክብር ተቀምጣችኋል። ለምን እንደ ሳቅሁም ጠይቃችሁኝ ነበር፤ በጊዜ የደረስኩላችሁ መስሎኝ ነው።