መታጠፊያው ጋ የቀረችው ቀይ መኪና

አስቼ ሆዴ፣

ከአምባ ጊዮርጊስ ስትመለስ ሚኒባስህ መታጠፊያውን ስታ ገደል ከገባች ሰኞ አሥር ወር ይሞላታል። ፒያሳ ተቀምጬ ለስንቱ ማመልከቻ ስተይብ የምውል ሴት፣ ላንተ ሲሆን እጄ ተሳሰረ። ደህና ነህ ወይ ብዬ እንዳልጀምር ሞኝነት ነው፤ ሌላ አጀማመር ደግሞ አላውቅም።

ቤቱ ደህና ነው። የሚያፈሰውን ጣሪያ ወንድምህ ደፈነው። እናትህ እኔ ጋ ገብተዋል፤ ጋቢህን ከላያቸው አያወርዱም።

ያ የመኪና እሽቅድምድምህስ? ቀኑን ሙሉ መሪ ይዘህ ውለህ ቤት ስትገባም መሪ! የድሮው የጌም ማጫወቻህ ሲበላሽ ጨዋታውን ላፕቶፔ ላይ የሚያስኬድ ኢሙሌተር የሚሉትን ፕሮግራም ጫንህበት። መኪኖቹ ግን ጭቃ እንደያዘው በሬ ይጎተቱ ነበር። የምስሉን ጥራት ቀነስህ፣ የዛፎቹን ጥላ አጠፋህ፣ ምንም ጠብ አላለልህም። ኮምፒውተሩም እንደ አንቺ ካልፈለገ ንቅንቅ አይልም እያልህ ትስቅብኝ ነበር።

መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ጨዋታውን የደረሰበት ላይ ሴቭ ማድረግ ልማድህ ነው። የመጨረሻዋ ጠዋትም እንዲሁ አድርገህ ወጣህ። ከሠልስትህ ማግስት ከፈትሁት። ቀይዋ መኪናህ በሙሉ ፍጥነት ወደ አንድ መታጠፊያ ትሄዳለች፤ መሪዋን የያዘ የለም። ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ስለሆነ ግድግዳው ጋ እስክትደርስ አሥራ ሁለት እቆጥራለሁ። ሳትደርስ እዘጋዋለሁ። በየጠዋቱ እንዲህ አደርግ ነበር። እናትህ የሞተሩን ድምፅ በሰሙ ቁጥር ልጃቸው የመጣ መስሏቸው በር በሩን ያያሉ። እኔም አብሬ የማይበት ቀን አለ፤ ምን ልዋሽህ።

ባለፈው ሳምንት የባትሪውን ማስተካከያ ስነካካ ጉዴን አየሁ። መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳያቋርጠኝ ብዬ ላፕቶፑን ኃይል ቆጣቢው ላይ ያደረግሁት እኔው ነኝ። ረስቼው ኖሯል፤ ለካ መኪኖቹን ያንቀራፈፋቸው እሱ ነው። ያን ሁሉ ወር ስትታገል የኖርኸው ከእኔ ጋር ነበር፤ ይቅር በለኝ።

ወደ ሙሉ ኃይሉ መለስሁት። ጥራቱንም ከፍ አደረግሁልህ። አምሮበት ሲሄድ ልይልህ ብዬ፣ ከሞትህ ወዲህ ነክቼው የማላውቀውን፣ መኪናዋን የምትነዳበትን ጆይስቲክህን ሰክቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት፤ ከዚያ ያችን ቦታ ከፈትሁ። እንዲያ ትበራለች ብዬ አልገመትሁም። ሦስት ሳልቆጥር ግድግዳው ፊቴ ድቅን አለ። ልዘጋው ብል እጄ ሳተኝ፤ ዓይኔን ጨፈንሁ።

የግጭቱን ድምፅ ጠበቅሁ። አልመጣም። ስገልጥ መኪናህ ወደ ግራ ታጥፋ መንገዷን ይዛለች። ጆይስቲኩን ማንም አልነካውም፤ ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን የግራ አውራ ጣትህ የበላው መዘወሪያ ማንም ሳይዘው ወደ ግራ ዘሞ ቀርቷል።

እናትህም የዚያን ዕለት ወደ በሩ አላዩም። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፤ አብረን አየንህ።

እስካለሁ አልረሳህም አስቼ። ጆይስቲክህን አላስጠግነውም፣ ለማንም አልሰጠውም። በየጠዋቱ እከፍትልሃለሁ፤ ከእንግዲህ ግን መታጠፊያው ጋ አልዘጋብህም።

ባለቤትህ ብርቄ