በማለዳ እርምጃዬ ስለተከተሉኝ ለቀስተኞች

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ወገብዎም እንደ ወትሮው ቀጭን ሆኖ እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የምሠራ፣ አምሳ ዓመት የተጠጋኝ ሴት ነኝ። ደሜ ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ማለቱን ገልጸው፣ ክብደቴን ካልቀነስኩ ለዓይኔ እንደሚያሰጋኝ አስረድተው መመሪያ ስለሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ መመሪያውን ስፈጽም የገጠመኝን አቀርባለሁ።

1. ጎህ ሲቀድ ፈጠን ብዬ እንድራመድ አዘዙኝ፤ ታዘዝኩ። ነገር ግን በሰፈራችን ነጠላዋን ተከናንባ በማለዳ የምትጣደፍ ትልቅ ሴት ለቅሶ ደራሽ ብቻ ናትና፣ ጎረቤቴ ሳሊማ ሻሿን እያስተካከለች ከኋላዬ ተነሣች፤ እሷን ያዩ ሌሎችም ተከተሉ። ማን እንደሞተ መጠየቅ ነውር ስለመሰላቸው ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አፍሬ ፈጠንኩ። እነሱም ፈጠኑ። እርስዎ ራስዎ መኪናዎን አቁመው፣ ኮፍያዎን አንሥተው፣ እግዚአብሔር እንዲያጽናኝ ስለመረቁኝ ውለታዎን አልረሳም። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በማለዳ አልወጣሁም።

2. ፖም እንድበላ መከሩኝ። ፖም እዚህ ለታማሚ መጠየቂያ የሚገዛ የሩቅ አገር እንግዳ ነው። ደጃፌ ላይ የሚረግፈውን ማንጎ ግን ከለከሉኝ፤ ሲወድቅ እየሰማሁ እቀመጣለሁ።

3. ያም ሆኖ ጥቂት ከሳሁ። ለዚህ ስኬት ላመሰግንዎ ስሰናዳ፣ ሰፈርተኛው ከባድ በሽታ እንደያዘኝ ደምድሞ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይዞ መጣ። የጠያቂን ምግብ መመለስ ጠያቂውን መመለስ ነው። እያዩኝ በላሁ። መዳኔን አይተው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

4. በቢሮዎ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሥዕል ብስክሌት የምትጋልበው ሴት ሸንበቆ ታህላለች። ምን ልትቀንስ እንደምትለፋ እንጃ።

ስለዚህ ሌላ መመሪያ እንዲጨምሩልኝ አልለምንም። አንዲት ሴት ሰው ሳይሞትባት የምትራመድበትን አንድ መንገድ ብቻ እንዲያሳዩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ምክርዎን በቃሌ ይዤ በእግሬ ልደርስበት ያልቻልኩ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ እጅ የምነሣዎ ታዛዥ ታካሚዎ፣
ቢሊሴ ኤጀታ

ማሳሰቢያ፦ መልስዎን እባክዎ በትልልቅ ፊደል ያስጽፉልኝ፤ የመስመሮቹ ጫፍ ከወዲሁ እየደበዘዘብኝ ነው። ሥራ በዝቶብዎ ከዘገዩም አይጨነቁ፤ የሚያነብልኝ ሰው አብረው ይላኩልኝ።