ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ንጹሕ የምትሆነው ወንዛችን

እርስዎን ነው! አዎ፣ እርስዎን፣ ባለ ነጩን መኪና፣ የወረዳችን የውሃ ጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ክቡር ሚስተር ኦቴንግ-ላርቢን! ይህን ወረቀት አጥፈው ኪስዎ ከመክተትዎ በፊት እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ባያነቡትም ግድ የለም፤ አንዱ ቅጂ በወፍጮ ቤቴ በር ላይ ተለጥፏል፣ ሐሙስ ደግሞ በገበያው ድምፅ ማጉያ ይነበባል፣ ስለዚህ በሦስት መንደር ውስጥ ያልሰማ ሰው ቢኖር እርስዎ ብቻ ይሆናሉ።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከረሙ? እርስዎ ደህና፣ ባለቤትዎ ደህና፣ ልጆችዎ ደህና፣ መኪናዎ ደህና? በተለይ ለሆድዎ ጤና አጥብቀን እንጸልያለን፤ ለመንደራችን ሲል አራት ጊዜ ሳይሰለች የደከመ ሆድ ነውና። እኛ የአቤሬዋ-አኖ ሰዎች አለን። አሮጊቷ ግን ታማለች። አሮጊቷ የምልዎት ወንዛችንን አቤሬዋን ነው፤ እርስዎ በሪፖርትዎ ላይ «የውሃ አካል ቁጥር አሥራ ሰባት» የሚሏትን።

እኔ አፍሪዬ ቲዋ እባላለሁ፣ የበቆሎ ወፍጮው ባለቤት። ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ብቻ ነው የሄድኩት፤ የቀረውን ያነበብኩት ጨው ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ በሞተር ጩኸት ላይ ስለምናገር ድምፄ ከፍ ካለብዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዝቅ ግን አላደርገውም።

አንደኛ፣ ምስጋና። በአንድ ዓመት አራት ጊዜ መጥተው አራት ጊዜ «ውሃው ጥሩ ነው፣ ለመጠጥ ይመቻል» ብለው በማኅተም ስላረጋገጡልን ከልብ እናመሰግናለን፤ እኛ እኮ ዓይናችን ታሞ ነበር የመሰለን። እርስዎ ሥራውን ከመያዝዎ በፊት፣ ከስድስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው፣ ማንም ሳያዝዘን የካሳቫ ማሳችንን ከወንዙ ዳር ስድሳ እርምጃ ወደ ኋላ ስበን፣ በባዶው ላይ ቀርከሃ ተክለን፣ መጸዳጃ ቤቶቻችንን ነቅለን ወደ ኮረብታው ማዶ አዛውረናል። ወንዙ ውስጥ በሳሙና ልብስ ያጠበ ሰው አንድ በግ እንዲቀጣም ደንብ አውጥተናል። የመጀመሪያውን በግ የከፈለው የገዛ አጎቴ ነው፤ አንዲት ሸሚዝ አጥቦ። እስከ ዛሬ አያናግረኝም። ከዚያ በኋላ በቢሮዎ ወረቀት ዘጠኝ የወርቅ ማጠቢያ ሞተሮች መጡልንና ከመንደራችን በላይ ባለው የወንዙ ጥምዝ ላይ ተተከሉ። እንግዲህ የሕጉ አካሄድ በትክክል ገብቶን ከሆነ፣ ሸሚዝ ያጠበ በግ ይቀጣል፣ ኮረብታ ያጠበ ፈቃድ ይሰጠዋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ጠርሙሶቹ። የእርስዎ ወረቀት «ጥሩ» እያለ የእህቴ ልጅ እግር እስከ ጉልበቷ በቁስል ሲመታ ጊዜ፣ እኛም የራሳችንን ምርመራ ጀመርን። መሣሪያ የለንማ። ያለን ባዶ ጠርሙስ ነው፤ ለሞቱት አያቶቻችን መሬት ላይ ከሚፈስሰው መጠጥ የሚተርፈው። በየቀኑ ከቀትር በኋላ አንድ ጠርሙስ ከወንዙ እንሞላለን፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ እንወትፋለን፣ ቀኑን ጽፈን ወፍጮ ቤቴ መደርደሪያ ላይ እናቆማለን። ዘጠና አንድ ጠርሙስ ሆነ። እኔ በየቀኑ አጠገባቸው ቆሜ ስፈጭ ምንም አላየሁም። ያየችው ማሜ ፖማ ናት፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋት፣ ሰውን በድምፁ ካልሆነ የማትለይ።

«አፍሪዬ» አለችኝ በቆሎዋን እየጠበቀች፣ «ማነው በየሳምንቱ አንድ ጠርሙስ የሚሰርቅሽ?»

«ማንም አልሰረቀኝም፣ ማሜ።»

«እንዴት አልሰረቀሽም! ስድስት አለ፣ አንድ ጎደሎ። ስድስት አለ፣ አንድ ጎደሎ። መደርደሪያሽ ጥርሱ የወላለቀ ሽማግሌ መስሏል እኮ!»

ሄጄ አየሁ። የተሰረቀ ጠርሙስ የለም። ሰባ ስምንቱ ጠርሙሶች የጭቃ ሾርባ መስለዋል፤ አሥራ ሦስቱ ግን ኩልል ከማለታቸው የተነሳ ለማሜ ፖማ ዓይን የሉም። የአሥራ ሦስቱን ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበብኩ። ማክሰኞ። ማክሰኞ። ማክሰኞ። ወፍጮውን አጥፍቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ የአሮጊቷ የዕረፍት ቀን ነው። የዚያን ቀን ማንም እግሩን ውሃ ውስጥ አይከትም፣ አይቀዳም፣ ማዶ ወዳለው ማሳውም አይሻገርም፤ ወደ ዳሩ የሚጠጋው የወንዟ ጠባቂ ኦፓኒን አጄይ-ብራም ብቻ ስለሆነ የማክሰኞን ጠርሙስ የሚሞላልን እሱ ነው። ሞተሮቹም ማክሰኞ ዝም ይላሉ። የሞተሮቹ ባለፈቃድ መጀመሪያ ሰሞን አሠራለሁ ብሎ ነበር፤ ውሃ ውስጥ የሚገቡት ሠራተኞች ግን የእኛው ወንድሞችና አማቾች ናቸውና «አንተ ግባ፣ እኛ ዳር ቆመን እናይሃለን» አሉት። አልገባም። ሰኞ ማታ ሞተሮቹ ሲቆሙ የቀረው ድፍርስ እስከ ማክሰኞ ቀትር ወርዶ ያልቃል። እና እርስዎ፣ ክቡርነትዎ፣ አራቱንም ጊዜ የመጡት መቼ ነው?

ሦስተኛ። ይህኛው ክስ በእርስዎ ላይ አይደለም፣ በራሴ ላይ ነው። ማክሰኞ ይምጡልን ብላ የጻፈችልዎ እኔ ነኝ! ማንበብና መጻፍ ትችላለች ተብዬ፣ በኩራት ተነፍቼ፣ በጥሩ ወረቀት ላይ። «ማክሰኞ ሁላችንም ቤት ነን፣ እንግዳ በባዶ መንደር አንቀበልም፣ ካሳቫ ተቀቅሎ ፉፉ ይወቀጣል» ብዬ። የቸገረን ይሉኝታ ነበር፤ በሌላ ቀን ቢመጡ ሰው ሁሉ ማዶ ማሳ ላይ ነው፣ ወንበር የሚያቀርብልዎት እንኳ አይኖርም። ሐኪም ሊያያት ሲመጣ ታጥባ ተኳኩላ «ደህና ነኝ» የምትል በሽተኛ አይተው ያውቃሉ? እኛ ያቺን ሆንን። ጥፋቴን አምናለሁ። አንድ በግ ከፍያለሁ፤ አጎቴ ቆሞ እየሳቀ አይቶኛል።

ግን እኔ አላዋቂ ወፍጮ ፈጪ ነኝ። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ዘጠኝ ሞተር ቆሞ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ፣ አንድ ሰው ውሃ ውስጥ የለም፣ እና አራት ጊዜ ሲመጡ አንድ ጊዜ እንኳ «ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» ብለው አልጠየቁም። ኦፓኒን በቅል ቀድቶ ሲያቀብልዎ ጣትዎን ሳያረጥቡ ፎቶ ተነሱ። ፎቶው ያምራል፣ እውነቴን ነው።

አራተኛ፣ ስለ ጸሐፊዎ ትሕትና። ነገሩ ሲገባን አርብ ይምጡልን ብለን ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍን። «ለመንደራችሁ የተያዘው ቀን በራሳችሁ የጽሑፍ ጥያቄ መሠረት ማክሰኞ ስለሆነ ሊቀየር አይችልም» የሚል መልስ በማኅተም መጣልን። እኔም አሥራ አራት ጠርሙስ በቅርጫት ይዤ፣ በሚኒባሱ የሰው ጭን ላይ እያንገጫገጭኩ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ጸሐፊዎ ቅርጫቱን አይታ አፍንጫዋን ያዘች።

«እማማ፣ እዚህ መጠጥ አይሸጥም» አለችኝ።

«መጠጥ አይደለም ልጄ፣ ውሃ ነው።»

«ውሃ ከሆነ ለምን በአረቄ ጠርሙስ?»

«ቢሮሽ ስላልሰጠኝ ነዋ!»

«የናሙና ጠርሙስ ማለት ቁጥር ያለው ነው። ይሄ ቁጥር የለውም።»

«ቀን አለው። ስድስቱን ቀን በደጃችን የሚወርደው ይሄ ነው። አንዱን ክፈቺና አሽትቺ!»

«ጥበቃ!» አለች። ጥበቃው መጥቶ ቅርጫቴን ተሸክሞ እስከ መንገድ ሸኘኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው። የእሱ እናትም ከመንደራችን በታች እዚያው ወንዝ ዳር እንደምትኖር ነገረኝ። እርስዎ በመስኮት እያዩን ነበር፤ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ ክቡርነትዎ።

አምስተኛ ብዬ ላልቆጥረው ነው፤ ይሄ ከቅሬታ ይበልጣል። በሚመጣው ወር በሃያ አንድ የወረዳው ምክር ቤት ተሰብስቦ የሞተሮቹን ፈቃድ ለአምስት ዓመት ሊያድስ ነው፤ ከዚያም አልፎ ወደ ላይ፣ ወንዟ ወደምትነሳበት ወደ ራስ ኩሬዋ እንዲወጡ ሊፈቅድ ነው። ማስረጃው ምንድን ነው? የእርስዎ አራት ወረቀት። «ሞተሮቹ ጉዳት እንደማያደርሱ በአራት ምርመራ ተረጋግጧል።» ራስ ኩሬዋ ከሞተሮቹ በላይ የቀረችን አንዲት ንጹሕ ቦታ ናት። ሴቶቻችን አንድ ሰዓት ሽቅብ ወጥተው ከእሷ እየቀዱ ነው ሦስቱ መንደሮች በሕይወት ያሉት። እሷ ከደፈረሰች ከእሷ በላይ ድንጋይ ነው ያለው። ወደየት እንውጣ? ሰማይ ላይ ነው የምንቀዳው?

ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ናና ቦአሄማ፣ የመንደራችን ንግሥት እናት፣ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበች። የአሮጊቷ የዕረፍት ቀን ከማክሰኞ ወደ አርብ ይዛወር አለች። ኦፓኒን አጄይ-ብራም ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ።

«አሮጊቷ ቀኗን የምትቀይረው ለማን ብላ ነው? ለመኪና?»

«ኦፓኒን» አለችው ናና፣ «እናትህ ታማ ልትተኛ ብትል፣ የመኝታ ቀንሽ እስኪደርስ ቆመሽ ጠብቂ ትላታለህ?»

ሽማግሌው መልሶ ተቀመጠ። በማግስቱ መጠጡን ይዞ ወረደ፣ ለአያቶች አፈሰሰ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጥላ እስኪዞር ዳሩ ላይ ተቀምጦ ተመለሰ።

«እሺ ብላለች። ግን ተቆጥታለች።»

«በማን?» አልነው።

«በሁላችንም። በተለይ በዚች በደብዳቤ ጸሐፊዋ» ብሎ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

አዋጁ ተነግሯል። ባለፈቃዱም ሰምቶ «ለእኔ ማክሰኞም አርብም ያው ነው» ብሎ ስቋል። ለምን እንደተዛወረ አልጠየቀም፤ እርስዎና እሱ አለመጠየቅ ላይ ትመሳሰላላችሁ። እንግዲህ የፊታችን ማክሰኞ፣ አምስተኛውና ከስብሰባው በፊት የመጨረሻው ጉብኝትዎ በተያዘበት ቀን፣ ዘጠኙም ሞተሮች ይጮኻሉ፣ አሮጊቷም የስድስት ቀን ልብሷን ለብሳ ትቀበልዎታለች።

ይህን በግልጽ የምጽፍልዎ ሊያመልጡ ይችላሉ ብዬ ስለማልፈራ ነው። ማክሰኞ ከመጡ ያዩታል። ቀኑን ከቀየሩ፣ ሊቀየር አይችልም ያሉት ቀን ተቀየረ ማለት ነውና ያንን በማኅተም የመጣ ደብዳቤ ከዚህኛው ጎን በወፍጮ ቤቴ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ማክሰኞ ሞተሮቹ በድንገት ዝም ካሉ ደግሞ ማን ዝም እንዳሰኛቸው ሦስት መንደር ዳሩ ላይ ቆሞ ይጠይቃል፤ አማቾቻችን አፍ አላቸው። አሥራ አራቱም ጠርሙሶች፣ የቀሩትም፣ በሃያ አንድ ከእኔ ጋር ምክር ቤቱ በር ላይ ናቸው። ቁጥር የላቸውም፣ አውቃለሁ። እስከዚያ እንጽፍላቸዋለን።

የማክሰኞ ጋባዥዎ የነበረች፣ በዚህም ለዕድሜ ልኳ የምታፍር፣ ለማኅተምዎ፣ ለመጋረጃዎና ለፎቶዎ ከፍ ያለ አክብሮት ያላት፣ ከእንግዲህ ግን በጥሩ ወረቀት ላይ የማትጽፍልዎ፣

አፍሪዬ ቲዋ
ከአቤሬዋ-አኖ ወፍጮ ቤት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በአራቱም ጉብኝትዎ የቀንድ አውጣውን ሾርባ ሁለት ሁለት ሳህን ከጠጡ በኋላ «ሾርባችሁን የሚያጣፍጠው ውሃችሁ ነው» ብለው አመስግነውናል። ልክ ነዎት። ያ ውሃ ከወንዙ አልነበረም፤ እንግዳ አናሳፍርም ብለን ሰኞ ሰኞ ከራስ ኩሬዋ በሴቶች ራስ ያመጣነው ነው፤ ያችው በእርስዎ ወረቀት ሞተር ሊወጣባት ያለችው ኩሬ። የፊታችን ማክሰኞ ግን ማንም አይደክምልዎትም። ፉፉው ይወቀጣል፣ ወንበርዎም ይቀርባል፣ ሾርባው የሚሠራው እርስዎ አራት ጊዜ ጥሩ ነው ብለው ባተሙበት ውሃ፣ ከጥምዙ በታች እዚያው ፊትዎ ተቀድቶ ነው። ይመጣሉ? ይጠጣሉ? መልሱን በፖስታ አልፈልግም። ሐሙስ ይህ ደብዳቤ ተነቦ ሲያልቅ ድምፅ ማጉያው አይጠፋም፤ ለእርስዎ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል። መጥተው፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ፣ «እጠጣለሁ» ወይም «አልጠጣም» ይበሉ።