ሥር የሌላቸው አበቦች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1938

ለተብርሃን የጠለፍኩላትን መጋረጃ አየችው። ደስ ይላታል ብዬ ገና በሩን ሳታልፍ ነው የዘረጋሁላት። ዛሬ መድኃኔዓለም ስለሆነ መርፌ አልያዝኩም፤ እሷም ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጎራ ያለችው ሥራው የት እንደ ደረሰ ለማየት ነው።

 ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ቆመች። ከዚያ ጨርቁን ሳትነካ በጣቷ እያመለከተች፣ «አደይ አስካለ፣ ማን ቀጠፋቸው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አበቦቹን።»

ሳቅኩባት። «ማንም አልቀጠፋቸውም ጓለይ፣ ክር እኮ ናቸው» አልኳት። ፈገግ እንኳ አላለችም። ስዋ፣ ያው ጠላ፣ ብቀዳላት ወገቤን አሞኛል ብላ ሳትቀምሰው ሄደች።

ደክሞኛል። ሃያ ቀን ሙሉ ዐይኔን ያጠፋሁበት ሥራ ነው። ንድፉን ያገኘሁት በጣልያን ጊዜ ነው፤ ለአንድ ሹም ሚስት የጠረጴዛ ልብስ ስጠልፍ ከሰጠችኝ ወረቀት ላይ ገልብጬ ደበቅኩት። ሰባት ጽጌረዳ፣ በአንድ ላይ የታሰሩ፣ ወገባቸው ላይ ሰማያዊ ሪባን። መቀሌ ውስጥ እንዲህ ያለ የጠለፈ ሰው የለም። ኮርቼበት ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ለተብርሃን ከአጥር ማዶ ያለች ጎረቤቴ ናት፤ በአገሯ ቋንቋ «አደይ»፣ እናቴ፣ ትለኛለች፣ እኔም «ጓለይ»፣ ልጄ፣ እላታለሁ። ሁለት ልጅ ቀብራለች። የመጀመሪያው ስምንት ቀን ኖረ፤ ሁለተኛዋ ወር አልሞላትም። አሁን ወሯ ገብቷል። እስከ መውለጃዬ በሰላም ካደረሰችኝ ብላ ለእመቤታችን ሥዕል መጋረጃ ተስላለች፤ የምታስገባው ለቁስቋም ነው። ቁስቋም የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 28

ባለቤቴ አቶ ወርቁ ከስልክ ቤት ለምሳ ሲመጣ መጋረጃውን እንደ ተዘረጋ አገኘው። አየት አደረገና፣ «ጣልያኖቹ መቃብር ላይ የሚያስቀምጡት ይህንኑ አይደል እንዴ? እንዲሁ ታስሮ» አለ። ከዚያ ወጡ ጨው አነሰው ብሎ ሌላ ወሬ ጀመረ።

እኔ ግን እንጀራው በእጄ ቀረ። የለተብርሃን ሕፃን የተቀበረች ቀን ትዝ አለችኝ። እኔው ነኝ፣ በዚህ አፌ፣ «ሳትፈካ ተቀጠፈች» እያልኩ ያለቀስኩት። ሴቶቹ ሁሉ ተቀብለውኝ ነበር። ለተብርሃን ታዲያ ያንን ልትረሳው ነው?

አሁን ደግሞ ሰባት የተቀጠፈ አበባ በስለቷ ላይ ጠለፍኩላት።

ከሰዓት በኋላ ብቅ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣችም። አጥሩ ጋ ሆኜ ጠራኋት፣ ተኝቻለሁ አለች። ዱቄት ስትነፋ ግን ይሰማኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 29

ወደ ቀሺ ገብረ ሕይወት ሄድኩ። የለተብርሃን የነፍስ አባት እሳቸው ናቸው፤ መጋረጃውንም የሚሰቅሉት እሳቸው። ዳገቱ ገደለኝ፤ ጉልበቴ የድሮ ጉልበት አይደለም።

ጨርቁን አገላብጠው አዩና ወደዱት። «ምን ነውር አለው? አበባ ያው አበባ ነው» አሉ። ከዚያ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ያለውን አሮጌ ሥዕል አሳዩኝ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በቀኝ እጇ አንዲት ቀይ አበባ ይዛለች። «አበባው ልጇ ነው፣ እሷ ግንዱ ናት። ወሩን ሙሉ የምንዘምረው ስለዚሁ አይደለም ወይ? ይቺም አበባ ብትሆን ከመሬት ተቀጥፋለች፣ ግን በማን እጅ እንዳለች ተመልከቺ። ሂጂና ቀሺ ፈቅደዋል በያት።»

እፎይ ብዬ ወረድኩ። በቀጥታ ለተብርሃን ቤት ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት።

«ቀሺ ካሉ እሺ» አለች።

እንዲህ ያለውን እሺ አውቀዋለሁ። አቶ ወርቁ ወደ መቀሌ ተዛውረናል ሲለኝ እኔም ያልኩት ይኸንኑ ነው።

«ስትጸልዪ ወዴት ነው የምታዪው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ወደ መጋረጃው ነዋ። ሥዕሉ የሚገለጠው በበዓል ቀን ብቻ አይደል?» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ አልተቀየምኩም፣ አደይ። ደክሞሻል፣ ተይው» አለችኝ።

ባትል ይሻለኝ ነበር። ብትሰድበኝ እኔም ተሳድቤ እገላገል ነበር። ቤት ገብቼ ጨርቁን እንደገና አየሁት። በሥዕሉ ላይ አበባዋን የያዘ እጅ አለ። የእኔዎቹን የያዛቸው ሪባን ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 30

ሪባኑን ፈታሁት። በሦስት ቀን የጠለፍኩትን በአንድ ጠዋት። መርፌው ጣቴን ሁለት ጊዜ ወጋኝ።

የተረፈኝ ክር፦ ሰማያዊ እንደ ልብ፣ ለምንም የማይሆን። ቀይ ትንሽ። አረንጓዴ አንዲት ጥቅል፣ እሷም ግማሽ። ቡናማ ጭራሽ የለም።

መርፌው የገባበት ሁሉ ቀዳዳ ሆኖ ቀርቷል። በውሃ ነክሬ በጥፍሬ ባሸው አልጠፋም። ነጭ ጨርቅ ላይ የታሰረበት ምልክት እንዳለ ነው፣ እንዲያውም ባሰ። እየተነጫነጭኩ ቆየሁና ወደ ማታ ገደማ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ፦ ቀዳዳው ያለበት አፈር ይሁን። ግንዱን ወደ ታች ላርዝመው፣ ከአፈሩ በታች ሥር ይኑረው።

ለአቶ ወርቁ ብነግረው፣ «ሥር ማን ጠልፎ ያውቃል? ሰው ቤቱን ሲያስጌጥ ጓሮውን ያሳያል?» አለ። ነገሩ እውነት አለው። ግን አልተውኩትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1

ልደታ ናት፣ ደግሞም ቀዳሚት ሰንበት። እዚህ አገር ቅዳሜን እንደ እሑድ ያከብሩታል፤ መርፌ ይዤ ብታይ ለተብርሃን ራሷ ትደነግጣለች። እሑድም አለ። ሁለት ቀን ጠፋ።

እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ ነው አንድ ነገር የገባኝ፦ ሥር ምን እንደሚመስል አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ አበባ ጠልፌ፣ ከመሬት በላይ ያለውን እንጂ የታቹን ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። ጓሮ ወርጄ የደረቀች ዐደይ አበባ ነቀልኩ። ቀጥ ያለ መስሎኝ ነበር። ለካ አንዱ ወፍራም ወደ ታች ይሄዳል፣ ሌሎቹ ቀጫጭኖች እንደ ሽማግሌ ጢም ዙሪያውን ይበተናሉ። አፈሩ ከነሱ ጋር ተጣብቆ አልለቅ አለ።

አቶ ወርቁ ከበረንዳው፣ «በሰንበት ማረስ ጀመርሽ?» አለኝ። ጥርሴን አላሳየሁትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ገበያ። ዐረቡ ሱቅ ቡናማ ክር ጠየቅኩ፣ የለም፤ አረንጓዴ አለ፣ ግን እንደ በቀቀን የሚያበራ። ከጦርነቱ ወዲህ ክር እንደ መድኃኒት ነው የሚፈለገው። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ቤት ስገባ የአቶ ወርቁ ቡናማ ሹራብ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ክርኑ ላይ አልቋል፣ ለነገሩ። ከጫፉ ተረተርኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ብርድ ሊገባ ሲል ታራቁቺኛለሽ?»

«ግማሹን ነው።»

«ግማሽ ሹራብ የት ይለበሳል?»

«ከደረት በላይ» አልኩት። ሳቀ፣ ደግነቱ። ከዚያም ተቀምጦ ክሩን ያጠነጥንልኝ ጀመር፣ እያጉረመረመ።

የሱፍ ክር ወፍራም ነው፣ ለሁለት ሰንጥቄ ነው መርፌ ውስጥ ያስገባሁት። ሁለት ሥር ጨረስኩ። አምስት ይቀራል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ትናንት አልጻፍኩም፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ነበር። አራት ሥር ጠለፍኩ። ዛሬ ጠዋት ሰባተኛውን። አንገቴ አልዞር ብሏል፣ ዐይኔ ያለቅሳል። አረንጓዴው ሰባተኛው ግንድ ላይ አለቀብኝ፤ እሱ ከሌሎቹ አጭር ነው፣ ሥሩም በጥድፊያ የተሠራ ነው፣ ያስታውቃል።

በአምስት ሰዓት ወሰድኩላት። አልጋ ላይ ነበረች፤ እግሯ አብጧል። ባሏ ጨው ሊያመጣ ወደ ቆላ እንደ ወረደ ነው። ጨርቁን ጭኗ ላይ ዘረጋሁት። አበቦቹን አላየችም። በቀጥታ ወደ ታች ሄደች፤ በጣቷ ሥሮቹን አንድ በአንድ ተከተለች።

«ይኼኛው ለምን አጠረ?»

«ክር አልቆብኝ ነው፣ ደክሜ። ሌላ ምንም የለውም።»

 ጣቷን ከአጭሩ ላይ አላነሣችም።

«ይይዛል ግን?» አለችኝ።

 እኔ ምን አውቃለሁ? «ይይዛል» አልኳት።

ከዚያ ስዋ ካለ ስጪኝ አለች። ለእሷም ለእኔም ቀዳሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6፣ ከቀትር በኋላ

መጋረጃውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሊነጋ ሲል ምጡ ስለጀመራት «ሂጂ፣ አደይ፣ እንዳይረፍድ» ብላ በግድ ላከችኝ። ቀሺ ሰቀሉት። አንዲት አሮጊት አጠገቤ ቆማ፣ «ሥሩንም አወጡት?» ብላ ተገረመች።  ቅዳሴው እንዳለቀ ከነጉልበቴ በሩጫ ወረድኩ።

ይህንን የምጽፈው በራፏ ላይ ተቀምጬ ነው። አዋላጇ ሰው በዛ ብላ አስወጥታኛለች። ውስጥ ያሉት ሴቶች እመቤታችንን ሲጠሩ ነበር፣ አሁን ዝም ብለዋል። ዝምታው አላማረኝም። እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ ነው ደብተሩን ያወጣሁት።

…

ዕልል አሉ። ስንት ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ረሳሁ፤ ወንድ ይሁን ሴት አላወቅኩም። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። አዋላጇ ብቅ ብላ፣ «ምን ያስለቅስሻል፣ ደኅና ናቸው፣ ሁለቱም» አለችኝ።

ደኅና ናቸው። ለዛሬ። የመጀመሪያውም ሲወለድ ደኅና ነበር። ስምንተኛው ቀን የሚውለው በሚመጣው ሐሙስ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ወሩ አለ። እስከዚያ ድረስ መርፌ የምይዝ አይመስለኝም። አሁን ገብቼ ላያት ነው።