የተደበቁት ፔዳሎች

ጥቅምት 2

ዛሬም እርጥብ ፎጣዋ ወንበሬ ላይ። ሳላይ ተቀመጥኩበት። በዚህ ዕድሜዬ ሱሪዬ ርሶ ለሚያየኝ ሰው ምን ብዬ ላስረዳ? የእህቴን ልጅ ዳክዬ ብዬ ስም ያወጣሁላት ግን እኔው ነኝ፤ ቤቱን ውሃ በውሃ ብታደርገው ማንን ልክሰስ?

ይቅርታ አጎቴ ብላ ፎጣውን አነሳች። ይቅርታ? ድሮ ቢሆን ፊቴ ላይ ነበር የምትወረውረው።

የውድድሩ ወቅት አልቋል። በአንድ ቀን የዋኘ፣ ብስክሌት የነዳ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የሮጠ ሰው፣ ያውም ወቅቱን ሙሉ... መተኛት ነበረበት። እሷ ግን ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። እናቷ የሞተችው በወቅቱ መሀል ነው። በሳምንቱ ተወዳደረች። ሰው ሁሉ ጀግና አላት። እኔም ብያለሁ።

ጥቅምት 4

ስንት ቀን ዕረፍት ይበቃል? አሠልጣኟን ጠየቅሁት። ሁለት ሳምንት ምንም አለመሥራት፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ለጨዋታ ያህል ብቻ አለኝ። እኔ ብስክሌት እየፈታሁ እየገጠምኩ በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ነገሩ ገብቶኛል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ጎማ እንኳ ሲመጣልኝ ነፋሱን ቀነስ አደርግለታለሁ።

ለሷ ስነግራት፣ አልደከመኝም አለች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

ስለዚህ እንደየዓመቱ የብስክሌቷን ፔዳሎች ፈትቼ ደበቅኋቸው። የኛ ጨዋታ ነው። ፈልጋ እስክታገኛቸው ወሩ ያልቃል። አምና ዱቄት ውስጥ ነበሩ። እናቷ ናት በከረሜላ ተደልላ ያሳበቀችብኝ። ትልቅ ሴትዮ፣ በከረሜላ...

ዘንድሮ የት? የእህቴ ክፍል ገባሁ። ከቀብሩ ወዲህ የገባበት የለም። የስፌት መኪናዋ ተሸፍኗል፤ የደንበኞች ልብስ እንደተሰቀለ ነው። መሳቢያዋ ውስጥ ከትቼ ቶሎ ወጣሁ። እዚህ እንደማትፈልግ አውቃለሁ። በራሴ ብልጠት ደስ አለኝ።

ጥቅምት 5

ማድ ቤቱን በረበረች። ሱቄንም። እየተከተልኩ፣ ስትቀርብ ሞቀ... ስትርቅ ቀዘቀዘ... እላለሁ። አልሳቀችም። ጫማዋን አጥልቃ ለሩጫ ወጣች።

እግሯንም ፈትቼ አልደብቀው።

ጥቅምት 9

ታነክሳለች። ዛሬ ያለ ቀልድ አናገርኳት። "ዳክዬ፣ እስኪ ትንሽ ቁጭ በይ።"

"ቁጭ ስል ነው የሚመጣው።"

"ምኑ?"

የጫማዋን ክር ማሰር ቀጠለች። አሰረች፣ ፈታች፣ መልሳ አሰረች።

ጥቅምት 10

ቁርስ ላይ ብርጭቆዋን እያየች፣ "ፔዳሎቹ የት እንዳሉ የመጀመሪያውን ቀን ነው ያወቅሁት" አለች።

"ታዲያ ምነው አላወጣሻቸው?"

"በሩን መክፈት ነው ያቃተኝ።"

እኔ አወጣልሻለሁ ብዬ ተነሳሁ። እጀታውን ያዝኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ያን ቀን እንዴት ገብቼ ወጣሁ? ለቀልድ ስለነበረ ይሆናል...

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዳቦዋን ቆርሳ ግማሹን ሰጠችኝ።

ጥቅምት 13

ዝናብ። እግሯ አብጧል፤ አልሮጠችም። ከነፎጣዋ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ መስኮቱን ስታይ ዋለች።

በሩ ተንኳኳ። ጎማው የፈነዳበት ደንበኛ መስሎኝ ከፈትኩ። ሻንጣ የያዘች ሴት። ለሥራ ርቃ ከርማ አሁን መመለሷ ነው። ከመሄዷ በፊት ኮቷን እጅጌው እንዲያጥርላት ሰጥታ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ አለች ወይ ብላ ጠየቀች። ስለዘገየሁ ትቆጣኝ ይሆን ብላም ሳቀች።

ጫማዬን አየሁ።

ከኋላዬ ዳክዬ፣ "እናቴ ሞታለች" አለች። ይህን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። "ኮትዎ ግን አለ። ቀለሙ ምን ነበር?"

ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። አረንጓዴ ነው፤ ግን ተይው የኔ ልጅ፣ ይቅር አለቻት። ዳክዬ ግን እያነከሰች ሄዳ የእናቷን ክፍል በር ከፈተችው።

ቆየች። ሴትየዋም እኔም መተያየት ፈርተን ዝናቡን አዳመጥን።

ኮቱን ይዛ ወጣች። አንደኛው እጅጌ አጥሯል፤ ሌላው እንደነበረ ነው፣ መርፌው ተሰክቶበታል። ሌላ ሰው ይጨርስልዎታል አለቻት። ሴትየዋ መርፌውን ነቅላ ዳክዬ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላትና ኮቱን እዚያው ለበሰችው። አንድ እጇ ይታያል፣ አንዱ ተውጧል። እንደዚሁ ነው የምለብሰው አለች።

ሸኝቻት ስመለስ ዳክዬ ወንበሩ ላይ የለችም። ፔዳሎቹን አላመጣችም። ተመልሳ ገብታ የእናቷ አልጋ ላይ ተጋድማለች። ስታለቅስ ይሰማኛል... ልግባ? ቆይ፣ ታልቅስ።

በሩን አልዘጋችውም። ከተቀመጥኩበት እግሯ ይታየኛል። ጫማዋን አውልቃለች።