ጤናማ ሥጋ

ሃርሊንገን፣ ረቡዕ ኖቬምበር 6 ቀን 2019

ውድ እህቴ ዊትስከ፤

ከኒውዚላንድ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ልጆቹም ላሞቹም ደህና በመሆናቸው ደስ ብሎኛል። «ሐኪሙ ሥራውን ያውቃል፣ አንቺ ደግሞ ጭቅጭቅ ትወጃለሽ» ያልሽው ግን አንጀቴን አቃጥሎታል። አባባ የነገረሽ ግማሹን ነው።

ጡቴ ላይ ካንሰር እንዳለ ሲታወቅ፣ ቀዶ ሕክምናውን ለማቀድ ኤምአርአይ አነሱኝ። በሆዴ ተኝቼ፣ ጡቶቼ በሁለት ቀዳዳ ቁልቁል ተንጠልጥለው፣ ማሽኑ ጆሮዬን ግማሽ ሰዓት ደበደበው። ሁለት ነጥቦች ታዩ። ትልቁ በእጅ የሚዳሰሰው ነው። ትንሿን ግን በእጅም በአልትራሳውንድም ማንም አላገኛትም፤ ያያት ኤምአርአዩ ብቻ ነው። ሥዕሉን ያነበበችው ሐኪም ፍራውከ ትባላለች። ከቀዶው በፊት እዚያው ማሽኑ ውስጥ ምልክት ይደረግባት ብላ ጻፈች።

ቀዶ ሐኪሙ ቴርፕስትራ ጊዜ ማባከን ነው አለ።

«ሥዕሉ አለኝ፤ ቦታዋን አውቃለሁ።»

«ሥዕሉን ያነሳችሁኝ በሆዴ ነው፤ እርስዎ የሚከፍቱኝ በጀርባዬ። እኔ የባሕር ወለል እለካለሁ፤ አሸዋው ከተንቀሳቀሰ በኋላ በድሮው ካርታ መርከብ አናስገባም» አልኩት።

«እንግዲያው አንቺ መርከቦችሽን ጠብቂ፣ ጡቱን ለእኔ ተዪው» ብሎ ሳቀ። ነርሷም ሳቀች።

ከቀዶው በኋላ ውጤቱ መጣ። ትልቁ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። የትንሿ ቦታ ነው ብሎ የቆረጠውን ላቦራቶሪው «ጤናማ ሥጋ» ብሎ መለሰው።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ነጥቧ ምንም አልነበረችም» አለኝ።

አባባ በደስታ ኬክ ገዝቶ፣ ወንበር በክብ ደርድሮ ጎረቤት ጠራ። በልደት ቀን እንደ ወጋችን፣ ሁሉም እየዞረ እኔንም አባባንም አክስት ቲትንም እንኳን ደስ ያላችሁ አለ። ብድግ አልኩ።

«ጤናማውን ነው የቆረጠው። የታመመው እዚህ ውስጥ ነው ያለው!»

«ሬንስከ፣ በናትሽ፣ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ሁኚ» አለ አባባ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

«ተዋት፣ ይቺ ልጅ ደስታ አይስማማትም» አለች አክስት ቲት ኬኳን እያላመጠች።

ሁለት የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት ቀን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ፍራውከ ራሷ መጥታ ወደ ማሽኑ አስገባችኝ። ስወጣ ወንበር ሳበችልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«እዚያው ናት» አለች። «አልነካትም። አድጋለች።»

ቁስሌና እሷ ሁለት ጣት ያህል ይራራቃሉ። ቴርፕስትራ ተጠርቶ ሥዕሉን አየ። በዚህ ጊዜ አልሳቀም።

«እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል» አለ።

«ማንን?» አልኩት። ዳግመኛ እንዳይነካኝ ጽፌ ፈርሜያለሁ።

ዛሬ ማሽኑ ውስጥ እንዳለሁ ምልክቱን አደረጉልኝ። አርብ ሌላ ሐኪም ትከፍተኛለች። አባባ የሚያውቀው እስከዚህ ነው። ነጥቧ እንዳለች ከሰማ ወዲህ በኬኩ አፍሮ ዓይኔን አያይም፤ ጫማዬን ግን ሲወለውልልኝ አየሁት።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ፍራውከ አዲሱን ሥዕል ስታሳየኝ ጣቷ ከጡቴ ወጥቶ ወደ ብብቴ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ደረቴ አጥንት፣ እዚያ ቆመ። «ይሄንን ከአርብ በኋላ እንነጋገርበታለን» ብላ ስክሪኑን አጠፋችው። እኔ ግን ምስል ማንበብ እንጀራዬ ነው።

ሐኪምሽ በእጁ ዳስሶ «ደህና ነሽ» ቢልሽ አትመኚው። እናታችንን ያለዕድሜዋ የወሰዳት ምን እንደሆነ ንገሪውና ሥዕሉን በግድ አስነሺ። ቢስቅብሽም ቁጭ ብለሽ ጠብቂው።

እግዚአብሔር ከእነልጆችሽ ይጠብቅሽ፣ ሙሉ ጤና ያድርግልሽ።

ለገና የቆረጥሽውን ትኬት ወደዚህ ወር አዙሪው። አባባ ለምን ካለሽ፣ ናፍቃችሁኝ ነው በዪው።

ጨቅጫቃዋ እህትሽ
ሬንስከ